የቢኒያምን አልበም ተሸክሜ፦ ከሰበታ እስከ ሱሉልታ

ሰበታን፣ ቡራዩንና ሱሉልታን አያለሁ ብሎ ከድሬዳዋ የሚነሳ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም። ሦስቱም አዲስ አበባን ከብበው የተቀመጡ ከተሞች ናቸው፤ መንገደኛ በመስኮት አይቷቸው ያልፋል። እኔ ግን አዲስ አበባን ወደ ዙሪያዋ ያሰፋል በተባለው ማስተር ፕላን ላይ የተነሳው ተቃውሞ በበረታበት በዚያ ታኅሣሥ፣ ለስምንት ቀን በእነሱ መሀል ቆይቼ ተመለስኩ። «ምን ሠርተህ መጣህ?» ለሚሉኝ ሁሉ «ቢኒን በአልበሙ ላግዘው ሄጄ» እላለሁ። ውሸት አይደለም፤ ሙሉውም ግን አይደለም። ሙሉውን እዚህ ልጻፈው።

ቢኒያምና እኔ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ አንድ ግቢ ውስጥ ነው ያደግነው። ጊታርም የጀመርነው በአንድ ጊታር ነው፤ እሱ ሲጫወት እኔ አያለሁ፣ እኔ ስጫወት እሱ ያያል። ያኔ የምሻለው እኔ ነበርኩ፤ ይህን እሱም ይመሰክራል። በኋላ እሱ በመካኒክነት ተቀጥሮ ሰበታ ገባ። እኔ ድሬ ቀርቼ ሠርግ ላይ ኪቦርድ መምታት ጀመርኩ። ከስድስት ዓመት በኋላ ደወለና «ሄኖክ፣ ባንዳችን የመጀመሪያ አልበሙን ሊጨርስ ነው። ጆሮህን እፈልገዋለሁ፤ ና» አለኝ።

ባንዱ «መጅ» ይባላል። የሚጫወቱት ቴክኒካል ዴዝ ሜታል የሚባለውን ነው። ለማታውቁት ላስረዳ፦ ጊታሩ ፈጣንና ሻካራ ነው፣ ድራሙ እንደ ወፍጮ ያለ ፋታ ይወርዳል፣ ምቱ ገና ሳትለምዱት ይቀየራል፣ ዘፋኙም ከጉሮሮው ሥር እያጓራ ነው የሚዘፍነው። ለጀማሪ ጆሮ ጫጫታ ነው። ነገር ግን አንዲት ኖታ ከቦታዋ ብትንሸራተት ዘፈኑ ሁሉ ይፈርሳል። ይህን መጫወት የሚችል ሰው በአገራችን በጣት የሚቆጠር ነው። ከእነዚያ አንዱ እሆናለሁ ብዬ ነበር ያደግኩት።

የመጀመሪያውን ቀን አውቶቡስ ውስጥ ጨረስኩት። መኢሶ ላይ ለፍተሻ ወረድን፣ አዋሽ ላይ ጎማ ፈነዳ። ጎማው እስኪቀየር አጠገቤ የተቀመጠች የጫት ነጋዴ ሙዟን አካፈለችኝ። «ምን ሆነህ ነው ፊትህን ያጠቆርከው?» አለችኝ። ደክሞኝ ነው አልኳት። የማስበው ግን ስለ ቢኒ ቃል ነበር። ጆሮህን ነው ያለው፤ እጅህን አላለም።

አዲስ አበባ ደርሼ ከአየር ጤና የሰበታ ሚኒባስ ያዝኩ። ታክሲው ውስጥ አንዱ በአማርኛ ይጀምርና በኦሮምኛ ይጨርሳል፤ ረዳቱም እንደዚያው። እኔም በአገሬ ኦሮምኛ አጠገቤ ያለችውን ልጅ «አታም?» ብዬ ሰላም አልኳት። አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች። «እዚህ አካም ነው የሚባለው። ከሐረር ነህ አይደል?» አለችኝ። ድሬ ላይ በሦስት ቋንቋ የምቀልደው ሰውዬ ሰበታ ሳልደርስ በአንድ ቃል ተያዝኩ።

ቢኒ አስፋልቱ ድረስ ወርዶ ጠበቀኝ። ከስቷል፤ ጣቶቹ በማሽን ዘይት ጠቁረዋል። ከፋብሪካው ጀርባ በተከራያት ክፍል ግድግዳው ላይ አሮጌ ፍራሽ ደርድሯል፣ ድምፅ እንዳይወጣ። ግን ምንም አልጠቀመም። አከራይዋ እትዬ ዘነበች ሽሮ በድስት ይዘው ሲገቡ «ያ ማሽንህ ዛሬም ሊነሳ ነው?» አሉት። ማሽን የሚሉት ሙዚቃውን ነው። «እንግዳ መጥቷል፣ ዛሬ ይረፍ» አላቸው። «እንግዳው ብላ እንጂ፣ ምን ታየኛለህ» ብለው እጄን ይዘው ወደ ትሪው ሳቡኝ። ፊታቸው ላይ የነበረው ደግነት የድሬን ጎረቤት አስታወሰኝ፤ ልዩነቱ ድሬ ላይ ደጅ ተቀምጠን ነው የምንበላው፣ እዚህ ደግሞ በሩን ዘግተን፣ ጋቢ ለብሰን።

ሁለተኛው ቀን እሑድ ነበር፤ ቢኒም ሥራ አልገባም። ጠዋት የጆሮ ማዳመጫውን ሰጠኝና ስምንቱን ዘፈኖች በተራ አሰማኝ። ስሕተት ፈለግሁ። እውነቱን እናገራለሁ፣ እንደ ጉምሩክ ፈታሽ ነበር የምሰማው። ሦስተኛው ላይ አንዲት የተጣበበች መሸጋገሪያ አገኘሁና «እዚህ ጋ ትቸኩላለህ» አልኩት። መልሶ ሰማውና «ልክ ነህ፤ ለዚህ ነው የጠራሁህ» ብሎ እንደገና ቀዳት። አለመቆጣቱ ይበልጥ አናደደኝ።

ስድስተኛው ዘፈን ላይ የጊታር ሶሎው፣ ጊታሩ ብቻውን ጎልቶ የሚወጣበት ክፍል፣ ገና አልተቀዳም ነበር። ከሰዓት በኋላ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ቀዳው። አርባ ሰከንድ ያህል ናት። መጀመሪያ ዝቅ ብላ ትጀምራለች፣ ሰው በሩቅ የሚጠራ ይመስል፤ ከዚያ ጣቶቹ የጊታሩ አንገት ላይ መሮጥ ሲጀምሩ ዓይኔ መከተል አቃተው። ግን አንዷም ኖታ አልደበዘዘችም። ሲጨርስ በመስኮቱ በኩል የእትዬ ዘነበች ድምፅ መጣ፦ «ቢኒያም፣ ይህቺኛዋ ደስ ትላለች!»

«እንዴት ነው?» አለኝ ቢኒ።

«ጥሩ ነው» አልኩት።  ስድስት ዓመት ሙሉ እኔ ሙሽራ ሳጅብ እሱ ይህን ሲሠራ ነበር። ደግሞም እየሠራ፣ በፈረቃ፣ በማሽን ዘይት መሀል። እንዲያ ባይሆን ሰበብ ይኖረኝ ነበር።

የቀረው ሥራ ሁሉንም አንድ ላይ ማድረግ ነበር። የቢኒ የጊታር ቅጂዎች እሱ ጋ ናቸው፤ ድራሙ ቡራዩ፣ ገመቹ የሚባለው ድራመራቸው ኮምፒውተር ላይ ነው፤ የመጨረሻው ቅንብር ደግሞ ሱሉልታ፣ ዘፋኛቸውም ቤዝ ጊታር ተጫዋቻቸውም የሆነው ታምራት ጋ ነው የሚሠራው። ናይሮቢ ያለ አንድ አሳታሚ በሳምንቱ መጨረሻ ዘፈኖቹን ካላገኘ ተራውን ለሌላ እንደሚሰጥ ነግሯቸዋል። ኢንተርኔቱ በዚያ ሰሞን ስለሚቆራረጥ ይህን የሚያህል ነገር መላክ አይታሰብም።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ ቢኒ ከፋብሪካው ተደውሎለት ሊያናግር ወጣ ብሎ ተመለሰና «ሁኔታው ስላላማረ የጥገና ሠራተኛ ከግቢ አይወጣም ተብሏል። እዚያው እናድራለን» አለኝ። የጊታር ቅጂዎቹን የገለበጠበትን ሃርድ ዲስክ በካልሲ ጠቅልሎ ቦርሳዬ ውስጥ ከተተው። «አንተ ትወስደዋለህ። እኔ ኮምፒውተር ላይ ያለው ኮፒ እዚሁ ክፍል ውስጥ ተቆልፎበት ነው የሚቀረው። አደራ።»

ቡራዩ የደረስኩት ከአስኮ በኋላ በእግሬ ነው። ታክሲዎች ከዚያ ወዲያ አንሄድም ብለው አወረዱን፤ አስፋልቱ ላይ ድንጋይ ተደርድሯል፣ የተቃጠለ ጎማ ይጨሳል። ሱቆቹ ሁሉ ዝግ ነበሩ። ገመቹ ድንጋዩ መሀል ቆሞ ሲጠብቀኝ አገኘሁት፤ ረጅም፣ ሳቂታ ልጅ ነው፤ ሻንጣዬን ሳልጠይቀው ነጠቀኝና «ቶሎ፣ ቶሎ፣ በጓሮ በኩል» እያለ ቤታቸው አደረሰኝ።

አባቱ ኦቦ ለሜሳ በር ላይ ተቀምጠዋል። እኔ ደግሞ በድሬ ልማዴ «እንዴት ነህ አባባ? ደህና ነህ?» አልኳቸው። ድሬ ላይ ለትልቁም ለትንሹም አንተ ነው፤ ማንም አይቀየምም። ገመቹ አፍሮ መሬት መሬት አየ። ኦቦ ለሜሳ ግን ከላይ እስከ ታች አዩኝና እስኪያስላቸው ሳቁ። «የድሬ ሰው ነው! ጨው ጭኜ የምመላለስ ጊዜ አንድ የድሬ ሰው ጳጳሱን ‹አንተ› ሲል ሰምቻለሁ። ና ግባ፣ ተኢ፣ ተቀመጥ።» ጭኮ በቅቤ ቀረበልኝ፤ እርጎ ተጨመረ። ለእንግዳ የተባለውን ወፍራም ብርድ ልብስ ከራሳቸው አልጋ ላይ አንስተው ሰጡኝ።

ድራሙን ልንገለብጥ ኮምፒውተሩን ስንከፍት መብራት ጠፋ። የዚያን ቀን አልመጣም። በማግስቱም አልመጣም።

ስለዚህ አራተኛውን ቀን እንዲሁ ተቀምጠን ዋልን። ጠዋት ሩቅ ተኩስ ተሰማ፣ ከዚያ ዝምታ። የጎረቤት ልጅ መታሰሩ ተሰማና ኦቦ ለሜሳ ወላጆቹን ሊጠይቁ ሄዱ። ገመቹ ከብቶቹ የሚያድሩበት ቤት ውስጥ የተከለውን ድራም በጆንያ ሸፈነው። «ዛሬ አይመታም። የታሰረው ልጅ ቤተሰቦች ጭንቅ ላይ ናቸው» አለኝ። ከቤታቸው ጀርባ ያለውን የጤፍ ማሳ አሳየኝ፤ ጫፉ ላይ ቀይ ቀለም የተቀባ ችካል ተተክሏል። «ከዚያ ወዲያ ባለው በማስተር ፕላኑ መሠረት መንገድ ይወጣበታል ይላሉ። አባቴ ግን ዘንድሮም አርሶታል።» ይህን ብሎ ወደ ቤት መለሰኝ።

የቀረውን ቀን ግን ስለ ቢኒ ነበር የሚያወራው። ቢኒ ይህን ምት እንዴት እንዳሳየው፣ ቢኒ ዝናብ ላይ ከሰበታ በእግሩ እንደመጣ፣ ቢኒ እንዲህ፣ ቢኒ እንዲያ። ማታ ገበታ ላይ ኦቦ ለሜሳ ወደ እኔ ዞረው «አንተስ ምን ትጫወታለህ?» አሉኝ።

«ኪቦርድ። ሠርግ ላይ።»

«እሱ ጥሩ ነው» አሉ ከልባቸው። «ሰው ያስጨፍራል። የእነዚህን ማን ይጨፍርበታል?» ገመቹ ሳቀ። እሳቸው ሊያከብሩኝ ነበር ያሉት። እኔ ግን የቆረስኩትን ጭኮ መልሼ ትሪው ላይ አስቀመጥኩ።

በአምስተኛው ቀን ረፋድ ላይ መብራት መጣ። እንደገና ሳይጠፋ ብለን እየተጣደፍን ገለበጥን። ገመቹ አስኮ ድረስ ሸኝቶኝ ተመለሰ። ከአዲሱ ገበያ የሱሉልታ ሚኒባስ አገኘሁ፤ ዳገቱን ጨርሰን ሜዳው ሲታየን ፌዴራል ፖሊሶች አስቆሙን። አንደኛው ከቦርሳዬ ካልሲውን አውጥቶ ፈታው።

«ይሄ ምንድን ነው? የሰልፍ ቪዲዮ ነው?»

«ሙዚቃ ነው።»

አላመነኝም። ላፕቶፔን አስከፈተኝና ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አደረገ። የታምራት የመጀመሪያ ልምምድ ቅጂ ነበር የተከፈተው። ፖሊሱ ፊቱ ተኮማተረ። «ሰውዬው ምን ሆኖ ነው?» አለኝ። «እየዘፈነ ነው» አልኩት። ጓደኛውን ጠራው፤ እሱም ሰማ። ዲስኩን በእጃቸው እያገላበጡ «ይቆይ፣ አለቃ ይየው» ተባባሉ።

እዚያች ላይ የሆንኩትን ልንገራችሁ። አልለመንኩም። ቢወስዱት ምን ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ጥፋቱ የእኔ አይሆንም፤ ቢኒም አይወቅሰኝም፤ ያቺ አርባ ሰከንድም ቢያንስ ለዚህ ሳምንት፣ ምናልባትም ለዘላለም የማንም ጆሮ አትደርስም። ደረቴ ውስጥ የተሰማኝ እፎይታ ነበር። ከዚያ ፖሊሱ «ውሰደው ይሄን ጩኸትህን» ብሎ መለሰልኝ። አመሰገንኩት። ቅር እያለኝ አመሰገንኩት።

ሱሉልታ ይበርዳል። ድሬ ታኅሣሥ ላይ እንኳን በቲሸርት ነው የምንዞረው፤ እዚህ ሜዳው ጠዋት ጠዋት በውርጭ ይነጣል። ታምራት ከሆሳዕና የመጣ የሴራሚክ ሠራተኛ ነው። ሥራውን የሚቆጣጠረው ሰው ገና ያላለቀ ቤት ውስጥ አንድ ክፍል ሰጥቶታል፤ መስኮቱ በፕላስቲክ የተሸፈነ ነው። እንደዚያ የሚያጓራው ሰው በአካል ሲያወራ ድምፁ አይሰማም። እሑድ እሑድ ቸርች ውስጥ መዘምራን ጋ ይዘምራል። ቆጮና ጎመን አቅርቦ «ወንድሜ፣ ብርዱ ጎድቶሃል» እያለ ጃኬቱን አውልቆ አለበሰኝ።

ፋይሎቹን ከዲስኩ ወደ እሱ ኮምፒውተር የማስተላልፈው እኔ ነበርኩ። እሱ ውሃ ሊያመጣ ወጣ። የስድስተኛውን ዘፈን ሶሎ አገኘሁት። ገልብጬ የራሴ ላፕቶፕ ውስጥ፣ የሥራ ወረቀቶቼ ያሉበት ፎልደር ውስጥ ከተትኩት። ከዲስኩ ላይ አጠፋሁት። አንድ ደቂቃ አልፈጀም።

ታምራት ሲመለስ «ችግር አለ። የስድስተኛው ሶሎ አልተገለበጠም» አልኩት።

ለቢኒ ደወለ። ስልኩ ዝግ ነው። ደጋግሞ ደወለ። ከዚያ ጭንቅላቱን ይዞ ትንሽ ተቀመጠና ቀና ብሎ አየኝ። «አንተ ጊታር ትጫወታለህ አይደል? ቢኒ ነግሮኛል። ‹ያስተማረኝ ሄኖክ ነው› ይላል።»

ይህን አልጠበቅሁም። ግን አላቆመኝም። «እሞክራለሁ» አልኩ።

ስድስተኛው ቀን ሙሉ ለዚያች አርባ ሰከንድ ዋለ። የታምራትን አሮጌ ጊታር አቅፌ ከጠዋት ጀመርኩ። ብርዱ ጣቶቼን አደረቃቸው። ታምራት ውሃ እያሞቀ በሳፋ ያመጣልኛል፤ እነክራለሁ፣ አብሳለሁ፣ እንደገና እጀምራለሁ። ፍጥነቱ ላይ ስደርስ ቀኝ እጄ ይተሳሰራል። ሠላሳ ጊዜ፣ አርባ ጊዜ አበላሸሁ። እሱ አንድም ጊዜ አልተሰላቸም። በመጨረሻ ፈጣኑን ክፍል ትቼ ቀለል ያለ ነገር ተጫወትኩና አስር ሰዓት ላይ አንድ የሚረባ ነገር ወጣ። መልሰን ሰማነው። ክፉ አልነበረም። ሠርግ ላይ ያለ ሰው ቢሰማው ያጨበጭባል።

ታምራት በደስታ አቀፈኝ። እራት ቀርቦ ዓይኑን ጨፍኖ ጸለየ፦ «ጌታ ሆይ፣ መንገዱ ሁሉ በተዘጋበት ቀን ወንድማችንን ሄኖክን ስለላክህልን ተባረክ።» አሜን ማለት ነበረብኝ። ከንፈሬ ተንቀሳቀሰ እንጂ ድምፅ አልወጣም።

የታምራት ጸሎት እንቅልፍ ነስቶኝ አደረ፤ በሰባተኛው ቀን ጠዋት ኔትወርክ ፍለጋ ሜዳው ድረስ ወርጄ ደወልኩ። የቢኒ ስልክ ጠራ።

«ሄኖኬ! ደረስክ? ገመቹ ነገረኝ። እኛን እኮ ትናንት ማታ ነው የለቀቁን። እንዴት ነው ቅንብሩ?»

«ቢኒ፣ የስድስተኛውን ሶሎህን ደበቅኩት።»

«ምን?»

«ለታምራት አልተገለበጠም አልኩት። ራሴ ቀዳሁ። ያንተው አለ፣ አልጠፋም። እኔ ጋ ነው።»

 በስልኩ ውስጥ የሰበታ መኪና ጥሩንባ ይሰማኛል። እንዲሰድበኝ ጠበቅሁ፤ ቢሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

«ሁለቱንም ሰምተሃቸዋል?» አለኝ።

«አዎ።»

«የቱ ይሻላል?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ ይጠይቀኛል ብዬ አላሰብኩም። ቀልድ ወይም ቅጣት ነው ብዬ ጠበቅሁ፤ አይደለም። ጆሮዬን ነበር የጠየቀኝ፣ ከመጀመሪያው የጠራኝ ለዚያው ነበርና። መዋሸት እችል ነበር። እሱ የእኔን አልሰማውም። የእኔ ይሻላል ብዬ ብነግረው ያምነኝ ነበር፤ ያ ነበር የከፋው።

«ያንተ» አልኩት።

«እርግጠኛ ነህ?»

«ያንተ ነው የሚሻለው፣ ቢኒ። በብዙ ነው የሚሻለው።»

«እንግዲያው እሱን አስገቡት» አለ። ድምፁ ደክሟል። «ለታምራት ራስህ ንገረው። እኔ አልነግረውም።» ዘጋው።

ታምራት ሲሚንቶ ሲያቦካ አገኘሁትና ነገርኩት። አካፋውን አቆመ።  «ትናንት ስጸልይ ለምን ዝም አልከኝ?» አለኝ።  እጁን ታጥቦ መጣ። «ቁርስህን ብላ። ከዚያ እንሠራለን» አለ። እስከ ምሽት ድረስ ከሥራው ሌላ አንድ ቃል አላወራንም። ጃኬቱን ግን አልወሰደብኝም።

በስምንተኛው ቀን አለቀ። ታምራት ቦሌ ካለው የጓደኛው ቢሮ ሆኖ ኢንተርኔቱ በተከፈተላት ሰዓት ለናይሮቢ ላከው፤ እኔ በዚያው ወደ ድሬ አውቶቡስ ያዝኩ። ስንለያይ ጨበጠኝ፣ አላቀፈኝም። ቢኒን ሳላየው ነው የሄድኩት።

አልበሙ ወጥቷል። ከወራት በኋላ ቢኒ ሁለት ሲዲ በሹፌር ላከ፤ አንደኛው ለእኔ፣ አንደኛው ለእናቱ። ደብዳቤ የለውም። እኔው ወስጄ ለእናቱ ሰጠኋት። ማጫወቻዋን ማንቀሳቀስ ስለማታውቅ ከፈትኩላት። የታምራት ድምፅ ሲጀምር «በስመ አብ! ይሄ የኔ ልጅ ነው?» አለች።

«አይደለም። ይቺ ዘፈን ትለፍ። ስድስተኛዋ ላይ ታገኚዋለሽ።»

ስድስተኛዋ ደረሰች። «አሁን» አልኳት። ዝቅ ብላ ጀመረች፣ ከዚያ ሮጠች። እናቱ ጉልበቷን ይዛ ጭንቅላቷን ዘንበል አድርጋ ሰማች። ዓይኗ እንባ አቀረረ። ቅናቴ ሱሉልታ ላይ የቀረ መስሎኝ ነበር፣ አልቀረም። ሲያልቅ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገችና ወደ እኔ ዞረች።

«ጊታርማ አብራችሁ አይደል የጀመራችሁት። አንተስ የቱ ላይ ነህ?»

«እኔ የለሁበትም» አልኳት።

ወደ ማጫወቻው ጠጋ አለች። ከዚያ «እንደገና አሰማኝ» አለች። እንደገና አሰማኋት።